ገበያው ተዘጋ፤ ወፍጮው፣ ድንቹና የፋሲካው ቅርጫ እንዴት ይሁን?

የፋግታ ልጅ (ጠያቂ)፣ ሚያዝያ 2፣ 2012

ሰላም ለዚህ ቤት። ጥያቄው በአዊ ዞን ስላለው የፋግታ ለኮማ ወረዳ የገጠር ቀበሌዎች ነው። በኮሮና ምክንያት ባሕር ዳር፣ እንጅባራ፣ አዲስ ቅዳምና ጥሊሊ ከመጋቢት 22 ጀምሮ ለ14 ቀን እንደተዘጉ ታውቃላችሁ። እሱ ሳያልቅ መጋቢት 30 የ5 ወሩ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ከ4 ሰው በላይ መሰብሰብ ቀረ፣ መጨባበጥ ቀረ።

«ቤታችሁ ተቀመጡ» የሚባለው ግን ቧንቧው ግቢው ውስጥ ላለና ደመወዝ ለሚጠብቅ ሰው ነው። ገጠር ውኃው ምንጭ ነው፣ ዱቄቱ ወፍጮ ቤት ነው፣ ጨውና ሳሙናው ገበያ ነው። ቁጥሩን ልስጣችሁ፦ 3 ጎጥ፣ ወደ 400 አባወራ፣ አንድ የናፍጣ ወፍጮ፣ አንድ የተገነባ ምንጭ፣ አንድ ቤተ ክርስቲያን።

የሚቸግረው ይህ ነው። ወፍጮ ቤት ደጅ ላይ በአንድ ጊዜ ከ30 ሰው በላይ ይቆማል፤ ቀን ቢከፋፈል ይሠራል? የመስኖው ድንች ደርሷል፣ ነጋዴ ግን የለም፤ ይቆፈር ወይስ መሬት ውስጥ ይቆይ? እጅ መታጠቢያ በትንሽ ወጪ የት የት ይተከል? በዓሉ ደግሞ እሁድ ሚያዝያ 11 ነው፤ ለቅርጫ 12 ሰው በሬ ገዝቷል፣ ታርዶ እንዴት ይከፋፈል? የምታውቁ ዝርዝሩን ንገሩን፤ «ጥንቃቄ አድርጉ» የሚለውን ስልክ በደወልን ቁጥር እየሰማነው ነው።

ጤና ኬላ፣ ሚያዝያ 2

ከሁሉ በፊት እጅ መታጠቢያውን ሥሩ። በአንድ ከሰዓት የሚያልቅ ሥራ ነው። በእግር የሚረገጠው ይሻላችኋል፤ በእጅ የሚነካ ነገር የለውም፣ ውኃም ይቆጥባል።

ቁመታቸው 2 ሜትር የሆነ ሁለት ባላ ቁረጡና ግማሽ ሜትሩን ቅበሩ፤ በመካከላቸው 1 ሜትር ይሁን። የ5 ሊትር የዘይት ጀሪካን በትኩስ ውኃና በሳሙና ዘይቱ እስኪለቅ እጠቡ፤ ቅባት ከቀረ በሁለተኛው ቀን ይሸታል። ምስማር በፍም አግላችሁ፣ ከክዳኑ 12 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ከእጀታው በተቃራኒ ባለው ጎን አንድ ቀዳዳ ብቻ ብሱ። ቀዳዳው ከምስማሩ አይስፋ፤ ከሰፋ ውኃው በግማሽ ሰዓት ያልቃል። አግዳሚውን እንጨት በእጀታው ውስጥ አሳልፋችሁ ባላዎቹ ላይ አጋድሙ። ከጀሪካኑ አንገት ገመድ አውርዳችሁ መሬት ላይ ካለው መርገጫ እንጨት ጫፍ ጋር እሰሩ፤ ጫፉ ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ይበል። ሲረገጥ ጀሪካኑ ያዘነብላል፣ ሲለቀቅ ይመለሳል።

የሚበላሸው ሦስት ቦታ ላይ ነው። አንደኛ፣ ውኃው ከቀዳዳው በላይ ከተሞላ ማንም ሳይረግጠው ሲፈስ ያድራል፤ ሁልጊዜ ከቀዳዳው ዝቅ አድርጋችሁ ሙሉ። ሁለተኛ፣ ክዳኑ ጥብቅ ካለ አየር ስለማይገባ ውኃው እየቆረጠ ይመጣል፤ ትንሽ ፈታ አድርጉት። ሦስተኛ ገመዱ ነው። የቃጫ ገመድ ሲርስ ያጥራል፣ ሲደርቅ ይረዝማል፣ በዚያ መሐል ጀሪካኑ አዘንብሎ ይቀራል። የማዳበሪያ ጆንያ ክር ገምዳችሁ ተጠቀሙ።

አንድ ሰው ቆጥቦ ከታጠበ 100 ሚሊ ሊትር ይበቃዋል፤ ስለዚህ አንዱ ጀሪካን ለ30 ሰው ያህል ነው። ለወፍጮ ቤትና ለቤተ ክርስቲያን በር አይበቃም። እዚያ ባለ 20 ሊትሩን ቧንቧ ግጠሙለትና ለሚሞላው ሰው ተራ አውጡ። መሙያው ካልተመደበ ቅዳሜ ተሠርቶ ማክሰኞ ባዶውን ተንጠልጥሎ ታገኙታላችሁ፤ በየቦታው የሚሆነው ይኸው ነው።

ሳሙናን በስታችሁ በክር አታንጠልጥሉ፤ ሲርስ ይሰነጠቅና ይወድቃል፣ ፍየልም ይጎትተዋል። አሮጌ ካልሲ ውስጥ ከታችሁ እሰሩት። ወይም 3 የሾርባ ማንኪያ ኦሞ አንድ ሊትር ተኩል ውኃ በያዘ ሃይላንድ በጥብጡና ክዳኑን በመርፌ ብሱት፤ ጨመቅ ሲያደርጉት ይወጣል፣ የሚሰርቀውም የለም። ሳሙና ጨርሶ ከጠፋ የቀዘቀዘ፣ በወንፊት የተነፋ የእንጨት አመድ በጣሳ ይቀመጥ። ሳሙናን አይተካም፣ ከባዶ ውኃ ግን ይሻላል። በኖራ ግን እንዳትለውጡት፣ ቆዳ ያቃጥላል።

ከጀሪካኑ ሥር ጉልበት የሚደርስ ጉድጓድ ቆፍራችሁ ጠጠር ሙሉበት። ጭቃ ከሆነ ሴቶችና ሽማግሌዎች እንዳያዳልጣቸው ብለው አይጠጉትም። ቦታው ደግሞ መግቢያው ላይ ይሁን፤ ዱቄቱን ተሸክሞ የወጣ ሰው ለመታጠብ አይመለስም። ከታጠቡ በኋላ በነጠላ ጫፍ መጥረግ የለም፣ በአየር ይድረቅ።

ሞተረኛው፣ ሚያዝያ 2

ስለ ወፍጮው። ቀን መከፋፈሉ ብቻውን አይሠራም። 400ን ለ3 ጎጥ አካፍላችሁ በጎጥ ሁለት ቀን ብትሰጡ፣ ሁሉም በየቀኑ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ይመጣና ያው 30 ሰው ይቆማል። ሰዎቹን የሚያከማቻቸው እህላቸውን ትቶ መሄድ አለመፈለጋቸው ነው። እሱን ካልፈታችሁ ምንም አልፈታችሁም።

እህል ትቶ ለመሄድ ሰው የሚፈራው ሦስት ነገር ነው፦ እንዳይጎድል፣ እንዳይቀላቀል፣ እንዳይለወጥ። ስለዚህ ጠዋት ከ1 እስከ 4 ሰዓት መረከብ ብቻ ይሁን። እህሉ ባለቤቱ ፊት ይመዘናል፤ ስሙ፣ ጎጡ፣ የእህሉ ዓይነትና ኪሎው በካርቶን ቁራጭ ላይ ተጽፎ ጆንያው አፍ ላይ ይሰፋል። በክር ብቻ የታሰረ ካርቶን ሲጎተት ይበጠሳል፣ በመርፌ ስፉት። ሁለተኛ ካርቶን ለባለቤቱ ይሰጣል፤ ሒሳቡም ያኔውኑ በዝርዝር ይከፈላል። መፍጨቱ ከ4 ሰዓት በኋላ ባዶ ቤት ውስጥ ነው። ማስረከቡ በማግስቱ ከሰዓት፣ እንደገና ተመዝኖ።

ጥቂት መጉደሉ የወፍጮ ጠባይ ነው፤ ብናኝ አለ፣ ድንጋዩ መሐል የሚቀር አለ። በተለይ የመጀመሪያው ጆንያ ላይ ይታያል። ይህን ከመጀመሩ በፊት ለሰው ንገሩ፣ አለዚያ በሁለተኛው ቀን ጠብ ነው።

ቅደም ተከተሉን ጠብቁ። ጤፍ መጀመሪያ፣ ቀጥሎ ስንዴና ገብስ፣ ከዚያ በቆሎ፣ ሽሮ ከእነዚህ በኋላ፣ በርበሬ ከሁሉም መጨረሻ። ከበርበሬ በኋላ ጤፍ የገባ እንደሆነ እንጀራው ያቃጥላል፤ ለማጥራትም ሁለት ሦስት ኪሎ ርካሽ እህል ማባከን ግድ ይሆናል። አሁን ፆም ስለሆነ ሽሮ ይበዛል፤ ለሽሮና ለበርበሬ በሳምንት አንድ ቀን ለይታችሁ ስጡ።

በርና መስኮት ክፍት ይሁን፤ ሞተሩ ካለበት ክፍል ማንም አይግባ። የሞተረኛው የአፍ መሸፈኛ ጨርቅ በዱቄት ስለሚደፈን በቀን ሁለቴ ይቀየር፣ ይታጠብ። ናፍጣም ቀድማችሁ አስቡ፤ ሞተሩ በከተማ ናፍጣ ላይ የተንጠለጠለ ነውና የአንድ ወር ፍጆታችሁን አሁን አስገቡ።

የፋግታ ልጅ፣ ሚያዝያ 3

እግዜር ይስጥልን። የካርቶኑ ነገር ጥሩ ነው፣ ዛሬውኑ ለግብረ ኃይሉ እንነግራለን። አንድ ጥያቄ ልጨምር፦ ሳኒታይዘር ስለጠፋ በዳግም አረቄ እጃችንን እንታጠብ የሚሉ በርክተዋል። ነጭ ሽንኩርትና ፌጦም ዋጋው ጣሪያ ነክቷል። በረኪና ግን አለ፤ አበጣበጡን ብትነግሩን።

ሰነፍ ቆሎ፣ ሚያዝያ 3

አረቄው አይሆንም። ለእጅ የሚያገለግል አልኮል ቢያንስ 60 በመቶ መሆን አለበት። ተራው አረቄ ወደዚያ አይጠጋም፣ ዳግሙም ብዙ ጊዜ 45 አካባቢ ነው። «ክብሪት ሲያይ ቦግ ይላል» የሚለው ማስረጃ አይደለም፤ 60 ያልደረሰውም ይነድዳል። ሦስተኛ ጊዜ አወጣዋለሁ የሚል ካለ ደግሞ ከልክሉት። እንፋሎቱ ምድጃ አጠገብ ነው የሚወጣው፣ ሣር ቤት ውስጥ ነው የሚነድደው። የእህልና የእንጨት ብክነቱን አልቆጠርኩም። ለጠጪው ይተውለት።

ፌጦና ነጭ ሽንኩርት ወጥ ያጣፍጣሉ፤ ኮሮናን አይከላከሉም። ገንዘቡን ሳሙና ግዙበት።

በረኪና። ዕቃው ላይ 5 በመቶ የሚል ከሆነ፣ 20 ሊትር ለሚይዝ ጀሪካን 400 ሚሊ ሊትር በረኪና፤ ይኸውም 1 እጅ በረኪና ለ49 እጅ ውኃ ማለት ነው። ለወፍጮ ቤቱ ሚዛን፣ ለበር እጀታ፣ ለቃሬዛ ይህ ይበቃል። ሰው የታመመበትን ቦታ፣ ትውከት ወይም ደም የነካውን ለማጽዳት ጠንከር ይበል፦ 1 ለ9። ሳሙናም አመድም ከጠፋ ብቻ፣ ለእጅ 1 ለ99፤ ሲደጋገም ቆዳ ስለሚያደርቅና ስለሚሰነጥቅ የዘወትር አታድርጉት።

መጀመሪያ ቆሻሻው በሳሙና ይታጠብ፤ በረኪና ጭቃና ዱቄት ላይ ሲፈስ ኃይሉ እዚያው ያልቃል። የተበጠበጠው ለዚያው ቀን ነው፤ ለነገ አታስተርፉ። ብርሃን ስለሚያዳክመው ፀሐይ ላይ ተደርድሮ ከሚሸጥ ጠርሙስ አትግዙ። ከሎሚ፣ ከአቼቶ ወይም ከሌላ ማጽጃ ጋር አይቀላቀል፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል። በሃይላንድ ቀድቶ ማስቀመጥም የለም። ልጅ ውኃ መስሎት ይጠጣዋል፤ ይህ ከቫይረሱ በፊት የሚደርስባችሁ አደጋ ነው።

ርብራብ፣ ሚያዝያ 4

ድንቹን አትቆፍሩት። ገበያ በሌለበት ጊዜ የሚገኝ ርካሽ መጋዘን አፈሩ ራሱ ነው። ግን እንዲሁ ተትቶ አይቀመጥም።

አገዳው ቢጫ መሆን ከጀመረ አሁኑኑ ከሥሩ አጭዳችሁ ከማሳው አውጡት። ከ10 እስከ 14 ቀን ውስጥ ልጡ ይጠነክራል። አንድ ሁለት ሥር አውጥታችሁ በአውራ ጣት እሹት፤ ልጡ ከተላጠ ገና ነው። መስኖውን አቁሙ። ከዚያ በትልሙ ላይ ያለውን ስንጥቅ በአፈር ድፈኑ፣ የታየውን ድንች ሸፍኑ። የድንች ብል የምትገባው በስንጥቁ ነው፤ አንዴ ዕንቁላል ከጣለች ትሉ ቤት ድረስ ተከትሏችሁ ይመጣል። እንዲህ አድርጋችሁ ዝናቡ እስኪጠና ድረስ ማቆየት ይቻላል። ውኃ ከቆመበት ግን በሳምንት ይበሰብሳል፤ ስለዚህ ረባዳውን ማሳ አስቀድማችሁ ቆፍሩ፣ ተዳፋቱን አቆዩ።

የተቆፈረው በዚያው ቀን ጥላ ይግባ። አትጠቡት። ዶማ የነካውን፣ የተሰነጠቀውንና ትል ያለበትን ለይታችሁ በዚያው ሳምንት ብሉት። የቀረውን ከመሬት 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ ባለ የባሕር ዛፍ ርብራብ ላይ፣ ከጉልበት ባልበለጠ ክምር። ቤቱ ጨለማ ይሁን፤ በሩን ሌሊት ክፈቱ፣ ቀን ዝጉ፤ የሚያቆየው የሌሊቱ ብርድ ነው። ከላዩ የደረቀ የባሕር ዛፍ ቅጠል ቢለብስ ብሏን ያርቃል። በሳምንት አንዴ እጃችሁን ክምሩ ውስጥ ከታችሁ ፈትሹ። የረጠበ ነገር ከነካችሁ በዙሪያው ያለውን ሁሉ አውጡ፤ አንዱ የበሰበሰ አሥር ይዞ ይሄዳል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ የዘሩን ከሚበላው ጋር አንድ ላይ ያከማቻል። የሚበላው ጨለማ ይፈልጋል። ብርሃን ካገኘ አረንጓዴ ይሆናል፣ ይመራል፤ ያ አረንጓዴው መርዝ አለበት፣ ቢቀቀልም አይለቅም፣ ለከብትም አይሰጥ። የዘሩ ደግሞ ተቃራኒ ነው። ጨለማ ውስጥ ቡቃያው እንደ ክር ነጥቶ ይረዝማል፣ ሲነካ ይሰበራል። ዝርያው ጉደኔም ሆነ በለጠ፣ ለክረምቱ የሚተከለውን ሁለት ሦስት ድርብ ብቻ አድርጋችሁ ፀሐይ በቀጥታ የማይመታው ግን ብርሃን የሚያገኝ መደርደሪያ ላይ አኑሩት፤ ቡቃያው አጭር፣ ወፍራምና አረንጓዴ ይሆናል።

ለመሸጥም በር አልተዘጋም፤ የጭነት መኪና አልተከለከለም። ከየቤቱ ሰብስባችሁ አስፋልቱ ዳር አንድ ቦታ አድርሱና በስልክ ተስማሙ። በ100 ኪሎ ጆንያ አትጫኑ። አንዱን ለማንሳት አራት ሰው ትከሻ ለትከሻ ይጋፋል። 50 ኪሎ ይሁን፣ ሁለት ሰው ይበቃዋል። ሾፌሩና ረዳቱ ከጋቢና አይውረዱ፣ ጫኞቹ የእናንተው ልጆች ይሁኑ። ሚዛኑን ቀድማችሁ አድርጉ፤ መኪናው ቆሞ ሲመዘን ነው ሰው የሚሰበሰበው።

ክምር፣ ሚያዝያ 4

ፋግታ ከተባለ ከሰል ሳይነሳ አይቀርም። ዲከረንስ ከሚባለው የግራር ዛፍ የሚወጣው ከሰል ገዢ አጥቶ በየደጁ ተደርድሯል። ከክምሩ በወጣበት ቀን ጆንያ ውስጥ አትክተቱት፤ ውስጡ ፍም ይዞ ያድራል። ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀንና ሌሊት ሜዳ ላይ ተሰጥቶ ይደር። የተከመረውንም ከሣር ቤትና ከጭድ ክምር አርቁት። ያልነደደውን ዛፍ ደግሞ ለምን ትቆርጣላችሁ? ቆሞ ቢቆይ አይበሰብስም፣ ይወፍራል እንጂ።

የቅርጫ ዳኛ፣ ሚያዝያ 5

ስለ ቅርጫው የመለሰ የለም። 12 ሰው ገዝቷል ማለት 12 ሰው በሬው ዙሪያ ይቆማል ማለት አይደለም። አራጅ አንድ፣ ገፋፊና በላች ሁለት፣ መደብ አውጪ አንድ፤ 4 ናቸው፣ ከአዋጁም ጋር ይሄዳል። ሌላው ቤቱ ይቆይ። አራቱን ስትመርጡ ሳል ወይም ትኩሳት ያለበት፣ በ14 ቀን ውስጥም ከከተማ የመጣ አይግባ።

የሚያጣላው መደቡ ነው። ባለቤቶቹ ካላዩት «ሽንጡ የት ገባ» ይመጣል። ስለዚህ ከበዓሉ በፊት በስልክ ይህን ተስማሙ፦ ሽንጥ፣ ታፋ፣ ዳቢት፣ ፍሪምባ፣ ጎድን፣ ሻኛ እያንዳንዱ ለየብቻው 12 ቦታ ይቆረጣል። እንደመጣ የሚመደብ ሥጋ አይኖርም። ጉበትና ጨጓራም እንዲሁ። ጭንቅላት፣ ቆዳና እግር ግን ለ12 አይሆኑም፤ ለአንዱ ተሸጠው ዋጋው ለሁሉም ይካፈል። መደቦቹ በታጠበ የኮባ ቅጠል ላይ ይደርደሩ፤ በየመደቡ አጠገብ ከ1 እስከ 12 ቁጥር ይቀመጥ።

ዕጣውን በቦታው አታውጡ። መደብ አውጪው ሥጋው ከመቆረጡ በፊት የማን ቁጥር ስንት እንደሆነ ማወቅ የለበትም፤ ዋናው ነገር ይህ ነው። ዕጣውን ከአራቱ ውጭ የሆነ አንድ ሽማግሌ ቤቱ ሆኖ ያውጣ፣ ቁጥሩንም መደቡ ካለቀ በኋላ ብቻ በስልክ ያስታውቅ። ከዚያ ባለቤቶቹ በ10 በ10 ደቂቃ ልዩነት፣ ከየቤቱ አንድ ሰው ብቻ፣ የራሱን ዕቃ ይዞ ይምጣ። ሥጋው በሰው ጆንያ አይላክ።

ቢላዋ በአራቱ መሐል እንኳ አይዋዋስ። ጥሬ ጉበት እየቆረሱ መጎራረስ፣ በአንድ ዋንጫ ጠላ ማዞር ዘንድሮ ይቅር። የሚተርፈውን ወዲያው ቋንጣ አድርጉት፦ ውፍረቱ ከጣት ያልበለጠ፣ በጨውና በበርበሬ ታሽቶ፣ ጭስ በሚያገኝበት ገመድ ላይ። ሁለቱ ቁራጭ የተነካኩበት ቦታ ይሻግታል፤ አራርቁት።

ሞተረኛው፣ ሚያዝያ 5

የቅርጫ ዳኛ፣ 10 ደቂቃው ያንሳል። ሰው መደቡን አይቶ፣ ከጎረቤቱ ጋር አወዳድሮ፣ ትንሽ ሳያጉረመርም አይሄድም። 20 አድርጉት፤ ለ12 ሰው 4 ሰዓት ነውና ገና ሲነጋ ይታረድ።